ሁሉን ያሟላው ብሎግ

ብሎግ ልጀምር ነው ብዬ ለባለቤቴ ካወጅኩ በኋላ አንዲት መስመር ሳልጽፍ አምስት ወር አለፈ። ሥራ ፈትቼ ግን አልነበረም፤ ብሎጉ የሚቀመጥበትን ፕላትፎርም እየመረጥኩ ነበር። ሌላ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጨርሰውን ጉዳይ፣ እኔ ፕሮግራመር ነኝና፣ ልጁን እንደሚድር አባት ዘር ማንዘሩን እየቆጠርኩ አጠናሁት።

የመጀመሪያው ፕላትፎርም ገብተው ወዲያው የሚጽፉበት፣ ያለቀለት ነገር ነበር። ኮድ ስለጥፍበት ግን ቀጥ ያሉትን የጥቅስ ምልክቶች ለውበት ብሎ አጎበጣቸው፤ ምልክቱ የጎበጠ ኮድ ደግሞ አይሠራም። ተሰናበተ። ሁለተኛው ለኮድ የተመቸ ሆኖ የአማርኛውን ፊደል አጨማደደብኝ። ሦስተኛው ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሆነው ድርጅት አንድ ቀን ቢዘጋ ጽሑፎቼ አብረው ይጠፋሉ ብዬ ሰጋሁ።

«የትኞቹ ጽሑፎችህ?» አለች ባለቤቴ።

በመልስ ፋንታ ትልቅ ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። በጎን የፕላትፎርሞቹ ስም፣ ከላይ ደግሞ መስፈርቶቹ ተደረደሩ፦ ኮድ አለማበላሸት፣ ለአማርኛ መመቸት፣ በደካማ ኔትወርክ ቶሎ መከፈት፣ ጽሑፍን ይዞ መውጣት መቻል። ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ሰጠሁ። አንድ ጠዋት ወተት ላወጣ ስሄድ በእርሳስ የተጨመረ መስፈርት አየሁ፤ «እስካሁን የተጻፈበት ጽሑፍ ብዛት» ይላል። ከሥሩ ለሁሉም ዜሮ ሰጥታ፣ ዜሮዎቹንም ክብ ክብ አድርጋ አሳምራቸዋለች።

በዚያው ሰሞን የምትሠራበት ዓለም አቀፍ ድርጅት እኛ ከምንኖርባት የዑጋንዳ ዋና ከተማ በአውቶቡስ ሰዓታት ወደምትርቀው ጉሉ ለአንድ ዓመት ሄዳ ቢሮውን እንድትመራ ጠይቋት ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። ያላወቅኩት ስለደበቀችኝ ሳይሆን ስላልሰማኋት ነው። ማታ ማታ ራት ላይ «ዛሬ ቢሮ አንድ ነገር ተባለ» ስትል፣ «ቆይ፣ እሱን ትነግሪኛለሽ፤ መጀመሪያ ይህን ስሚ» ብዬ ስለ ፎንት እጀምርላታለሁ። እሷም ታዳምጠኛለች። ነገሩ የጣማት መስሎኝ እቀጥላለሁ።

በመጨረሻ አንዱም ስላላረካኝ የራሴን ሠራሁ። ጽሑፉን በተራ ፋይል እጽፋለሁ፣ አንድ ትእዛዝ እሰጣለሁ፣ ገጹ ይወጣል። ቡኮቶ ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ኔትወርኩ በሚለግምባት ጥግ እንኳ ባንድ ሰከንድ ይከፈታል። አፌን ሞልቼ ይህንኑ ነገርኳት። አስተያየት መስጫ ግን አላበጀሁለትም፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ እየመጣ እንዲጨቀጭቀኝ አልፈለግኩም።

የቀረው መሞከር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከታች ካለው ሻጭ ለሁለታችንም ሮሌክስ የሚሉትን በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝቼ ወደ ቤት ወጣሁ፤ ገና ትኩስ ነው።

«የሆነ ነገር ጻፊልኝ» አልኳት፣ «ለሙከራ ነው። ምንም ይሁን፣ ብቻ ረዘም ይበል።»

«ምንም ይሁን?»

«ምንም።»

ላፕቶፑን ተቀብላኝ አንድ ሰዓት ያህል ጻፈች። ሮሌክሷ ቀዘቀዘ። ስትጨርስ ሻይዋን ይዛ በረንዳ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ገጹን አወጣሁት። በላፕቶፕ አየሁት፣ በስልክ አየሁት፣ ስልኩን አጋድሜ አየሁት። መስመሮቹ ትንሽ የተጣበቁ ስለመሰለኝ ክፍተታቸውን ሰፋ አደረግኩና እንደገና አየሁት። ከዚያ ወደ በረንዳው ጮህኩ።

«በጣም ያምራል! በተለይ የመስመሩ ክፍተት!»

ዞራ አየችኝ። «አየኸው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እሺ» አለችና ወደ ሻይዋ ተመለሰች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም ብዙ አላወራችም፤ ሰኞም እንደዚያው። ደክሟት ነው አልኩ።

ማክሰኞ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለው ቢሮዬ፣ የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በምንሠራበት፣ ለአንድ ዑጋንዳዊ ባልደረባዬ ብሎጌን በኩራት አሳየሁት። ፊደሎቹን አደነቀ፤ ፍጥነቱንም አደነቀ። አማርኛ ስለማያውቅ ግን «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምን እንደሚል አላውቅም ነበር።

ልተረጉምለት ማንበብ ጀመርኩ። «ውዴ፣ ሌላ ቦታ ብነግርህ ስለማትሰማ እዚህ ጻፍኩልህ» ይላል። ስለ ጉሉ ይናገራል። ሥራውን ከልቧ እንደምትፈልገው፣ እኔን ትታ መሄዱ ግን እንደሚያስፈራት፣ መልስ የሚፈልጉት እስከ ረቡዕ እንደሆነ፣ ልትነግረኝ ስንት ጊዜ እንደሞከረች። መጨረሻው ላይ «እዚህ ድረስ ካነበብክ በረንዳ ላይ ነኝ፤ ናና የምታስበውን ንገረኝ» ብላለች። ለባልደረባዬ «የቤት ጉዳይ ነው» አልኩና ላፕቶፑን ዘጋሁ።

እዚያው ከሥሩ «አነበብኩት» ብዬ ልጽፍላት እጄ ሄደ። ለካ አስተያየት መስጫውን ራሴ ነኝ ያስቀረሁት። በስልክ ለመንገር ደግሞ አፈርኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ያዝኩና ወደ ቤት ሄድኩ። ከሥራ ስትመለስ ሻይ አፍልቼ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።

«አነበብኩት» አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ባንድ ሰከንድ ይከፈታል ያልከኝ ይኼ ነው? ሦስት ቀን ፈጀ እኮ!»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ባዶ ቤት እንደሚያስፈራኝ፣ እንድትሄድ ግን እንደምፈልግ፣ ይህን ከአፌ ለመስማት የሙከራ ጽሑፍ ውስጥ መግባት እንዳልነበረባት ነገርኳት። አንዴም ስለ ፎንት አላነሳሁም። እጄን ይዛ እስኪመሽ አወራን። በማግስቱ እሺ ብላ መለሰች።

አሁን ጉሉ ናት፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ በአውቶቡስ ትመጣለች። ሰንጠረዡ ከፍሪጁ ላይ ወርዷል። ብሎጉ ላይ እስካሁን ስለ ኮድ አንድም ነገር አልወጣም፤ አንባቢውም አንድ ሰው ብቻ ነው። በሄደች በመጀመሪያው እሑድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ጻፍኩላት። ቤቱ ጭር እንዳለብኝ፣ ራት ላይ ያለ ወሬ መብላት እንዳቃተኝ፣ በእነዚያ አምስት ወራት ስንት ነገር ልትነግረኝ እንደነበር ሳስብ እንደሚቆጨኝ፣ በጣም እንደናፈቀችኝ ሁሉንም ጻፍኩ። ገጹን አውጥቼ ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ጠበቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ በቴሌግራም መልእክት ገባ።

«በጣም ያምራል» ይላል፣ «በተለይ የመስመሩ ክፍተት።»