ሰማያዊው በርና ስምንቱ ብሎኖች

ቬርና ካልበርትሰን ሰባ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አንዲት ብሎን ፈትታ አታውቅም። ብሎኑ ይቅርና፣ ለቀብር ምሳ በሚቀርበው የካም ሳንድዊች ውስጥ በኮምጣጤ የተነከረ ኪያር ይግባ አይግባ የሚለው ጉዳይ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶ «ለብቻው በሳህን ይቅረብ» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ሲወሰን፣ ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው እሷ ነበረች። ፕሬስቢቴሪያን የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን እንዲህ ነው። ሌላው ክርስቲያን ሲጨንቀው ይጸልያል፤ ፕሬስቢቴሪያን ሲጨንቀው ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁማል።

ቤተ ክርስቲያኗ ምዕራብ ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ የብረት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የቀጠለው ወንዙ ብቻ በሆነበት ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ነች። ስሟ ሁለተኛ ፕሬስቢቴሪያን ነው። አንደኛዋ ከመንገዱ ማዶ አለች፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት «ኦርጋን ይግባ፣ አይግባ» ተባብለው ተኳርፈው ተለያዩ። ዛሬ ሁለቱም ኦርጋን አላቸው፤ ሁለቱም የሚጫወትላቸው ሰው የላቸውም።

ቬርና ከሌላ የፕሮቴስታንት ወገን፣ ከሜቶዲስት፣ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው ሜርልን አግብታ ነው። ሜርል ሠላሳ አራት ዓመት በፋብሪካው ቧንቧ ሲገጥም የኖረ፣ ለስብሰባ ትዕግሥት ያልተፈጠረበት ሰው ነው። እናቱ ጉልበታቸው ዝሎ የፊት ለፊቱን አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ ማንንም ሳይጠይቅ የጎኑን ግድግዳ ነድሎ፣ ደረጃ እንዳይኖረው ሜዳውን ደልድሎ፣ ከባሉጥ እንጨት የተሠራ በር ገጠመ። የሽማግሌዎች ጉባኤ አምስት ወር ተወያይቶ በአንድ ደብዳቤ ገሠጸውም፣ አመሰገነውም። ቬርና ደብዳቤውን እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች፤ ባሏ ያዋረዳት ብቸኛው ቀን ያ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሜርልን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳውና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ምላሱ ዘገየ እንጂ ተንኮሉ አልዘገየም። በሚያዝያ የልጅ ልጃቸው ኬልሲ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጥምቀቷም ለሰኔ ሁለተኛው እሑድ ተቆረጠ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ፣ ከማሰሮው ውሃውን ወደ መጠመቂያው ሳህን የሚያፈስሰው ከሕፃኑ ዘመዶች በዕድሜ ትልቁ ነው። ሜርል ለልጅ ልጆቹ አፍስሷል። ለዚችኛዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ በግራ እጁ በማሰሮ ይለማመድ ጀመር። ግማሹ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፤ ግማሹ የቬርና ነጠላ ጫማ ላይ።

«ልጅቷን ነው የምታጠምቀው ወይስ እኔን?»

«አንቺ... ሜቶዲስት ነበርሽ። አይጎዳሽም።»

ሌላ ሕፃን እስኪጠመቅ ሜርል እንደማይቆይ ሁለቱም ያውቃሉ።

በግንቦት ግን የአካታችነትና ማኅበረሰብን የመድረስ ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። ከሰው መልካም ሐሳብ ይነሣል፣ ይህም መልካም ሐሳብ ነበር። ሰውን በማንነቱ ከደጅ የመለሱ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ፣ «እኛ አንመልስም» ብሎ በአደባባይ ማሳየት ተገቢ ነው ተባለ። ሣሩ ላይ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መለያ የሆነውን የቀስተ ደመና ቀለም የተቀቡ ስድስት በሮች ተርታ ሊቆሙ፣ በየበሩም አንድ አንድ ቃል ሊጻፍ ተወሰነ፦ የእግዚአብሔር፣ ደጅ፣ ለሁላችሁም፣ ዘወትር፣ ክፍት፣ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቶድ ጋልብሬዝ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ከልቡ ደግ፣ በጭንቅላቱ ደግሞ በሰንጠረዥ የሚያስብ። ከአሮጌ ዕቃ መደብር አምስት በር አገኘ። ስድስተኛው ጠፋ። ቀኑ ደረሰ። ቶድ ዙሪያውን ቢያይ፣ በጎን በኩል ማንም የማይጠቀምበት የሚመስል በር አየ።

ቬርና በማግስቱ እሑድ ሜርልን እየገፋች ስትመጣ በሩ የለም። በቦታው አንድ ወፍራም ጣውላ በስምንት ብሎን ታስሯል።

«ቶድ፣ በሩ የት ሄደ?»

«አላየሽውም እንዴ? ሣሩ ላይ ነው! ሰማያዊው! ‹ክፍት› የሚለው!»

ዞር ብላ አየችው። ነፋስ እንዳይጥለው ከመቃኑ ጋር በሚስማር ተጠርቅሟል።

«ታዲያ ሜርል በየት ይግባ?»

ቶድ ጣውላውን ገና ያየው ይመስል ትክ ብሎ አየው። «ይሄ... ይሄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። በዚያ ቤት «ጥሩ ጥያቄ» የተባለ ጥያቄ ከነሐሴ በፊት አይመለስም።

አራት ወንዶች በደረጃው ሊሸከሙት ቀረቡ፤ የአራቱም ዕድሜ ተደምሮ ሦስት መቶ ይጠጋል። ሜርል ግራ እጁን አነሣ። «አንድ ቀን... ትሸከሙኛላችሁ። ያን ቀን አልከራከርም። ዛሬ ግን አይሆንም።»

ወደ ቤት ተመለሱ። መኪና ውስጥ ሜርል፣ «ጣውላውን ፍቺው» አላት።

«የማን ጣውላ ነው? የንብረት ኮሚቴ ነው እኮ።»

«ስምንት... ብሎን ነው።»

«ሥርዓት አለ ሜርል!»

በግማሽ ፊቱ ሳቀባት።

ሥርዓት አለና ቬርና በሥርዓቱ ሄደች። የሽማግሌዎች ጉባኤ ጉዳዩን በአክብሮት ሰምቶ ለንብረት ኮሚቴ መራው። የንብረት ኮሚቴ፣ ጣውላው የእኛ ቢሆንም በሩ አሁን የአካታችነት ኮሚቴ ንብረት ስለሆነ ያለ እነሱ ፈቃድ መወሰን አንችልም አለ። ስለዚህ ከጥምቀቱ አሥር ቀን በፊት ቬርና የአካታችነት ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ፎቅ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወጥቶ ነው። «አካል ጉዳተኞች ለምን ለስብሰባ አይመጡም?» የሚለው ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በአጀንዳው ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ያለ እንቆቅልሽ ነው።

«ሰማያዊውን በር ብናነሣ» አለ ቶድ፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ «የሚቀረው ‹የእግዚአብሔር ደጅ ለሁላችሁም ዘወትር ነው› ይሆናል። ዘወትር ምን? ሰው ይጠይቃል።»

ፓስተር ቤታኒ ወጣት ነች፤ ሰው ሲያዝን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ማዳመጥ ትችልበታለች። «ቬርና፣ ሕመምዎን ሰምተነዋል። ሜርል ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት በቀጥታ ቢካፈሉስ?»

«ውሃውንም በኢንተርኔት ያፈስሳል?»

ፓስተሯ አንገቷን ወደ ሌላኛው ጎን ዘንበል አደረገች።

ቦቢ የሚሏት፣ ከሚስቷ ከጂኒን ጋር የቧንቧና የቀለም ሱቅ ያላት ሴት፣ እንደ ጂኒን ሁሉ የኮሚቴው አባል ነበረች። ቦቢና ጂኒን በሮቹ የቆሙላቸው ሰዎች ናቸው ቢባል ይቀላል፤ የበሮቹን ቀለም በነፃ የሰጡትም እነሱ ናቸው። «ይቅርታ አድርጉልኝና» አለች፣ «ጣውላውን ብቻ ለምን አንፈታውም? ሰውዬው የሚፈልገው በር አይደለም፣ ቀዳዳ ነው።»

«ክፍቱን?» አለ ቶድ። «ሌባ ቢገባስ?»

«ምን ሊሰርቅ? ቃለ ጉባኤ?»

«የውሳኔ ሐሳብ ነው የምታቀርቢው?»

«አዎ፣ ነው።»

«ደጋፊ?»

ጂኒን ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። ሌሎቹ ወረቀታቸውን አዩ። ቬርና እጇ ከጭኗ ላይ ተነሣ፣ ግን የኮሚቴው አባል አይደለችም፣ ደንቡን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። እጇን መለሰችው። የቦቢ ሐሳብ ደጋፊ አጥቶ ወደቀ። ለመጽናኛ ይሁን ለማስታወሻ፣ ለሜርል አንድ የአካታችነት መጠይቅ ተላከለት፦ «ቤተ ክርስቲያናችን እንደምትቀበልህ ይሰማሃል? አስተያየትህን ጻፍ።» ሜርል በግራ እጁ፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ፣ «ከውጭ ሲያዩአት ታምራለች» ብሎ ጻፈበት።

የዚያን ቀን ቬርና ሳቀች። ማታ ግን ሜርል ከልምምዱ በኋላ ማሰሮውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲከተው አየች። በማግስቱ ጠዋት አላወጣውም። በሦስተኛውም ቀን አላወጣውም።

የጥምቀቱ እሑድ ደረሰ። ቬርና ሐምራዊ ቀሚሷን ለበሰች፣ የዕንቁ ጉትቻዋን አደረገች፣ ከዚያም ምድር ቤት ወርዳ ከሜርል የመሣሪያ ሣጥን ትልቁን ካቻቪቴ አውጥታ ከመዝሙር መጽሐፏ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማሰሮውን ደግሞ ሜርል ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«ምን... ልታደርጊ ነው?»

«ዝም ብለህ ያዝ።»

ደወሉ ሊደወል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጣውላው ፊት ደረሱ። የመጀመሪያው ብሎን እንቢ አለ። ቬርና ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አንፈራጥጣ፣ ከቀብር ምሳ ድስቶች ባገኘችው ክንድ ስታዞረው ጮኸና ተፈታ። ሁለተኛው ቀላል ነበር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቶድ በሳሩ ላይ እየሮጠ መጣ፤ ኬልሲ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ቦቢም ከኋላዋ ተከተሉ።

«ቬርና! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈታሁ።»

«ማን ወሰነ?»

ቬርና ላቧን በክንዷ ጠረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልተናገረችው ቃል ነበር። «እኔ። የውሳኔ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ጣውላው ይነሣ።»

ቶድ ይህን ሲሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቀለለው። ዓመፅ መስሎት ነበር፤ ለካ ስብሰባ ነው። «ደጋፊ አለሽ?» አለ፣ በልማድ።

ሜርል ከወንበሩ ላይ ግራ እጁን ከፍ አደረገ፤ ማሰሮው ከእጁ አልወጣም። «እደግፋለሁ።»

«ተቃውሞ?» አለች ቬርና።

«የለም!» አለች ቦቢ።

ሐሳቡ ቀርቧል፣ ተደግፏል፣ ተቃውሞ የለም። ቶድ ጋልብሬዝ ይህን መንገድ ካለፈ ነገር ጋር የሚጣላ ሰው አይደለም። ጃኬቱን አወለቀና የቬርና እግር ላይ እንዳይወድቅ ጣውላውን በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ። ስምንተኛው ብሎን ሲወጣ ቀዳዳው ተከፈተ፤ ሜርልም በደለደለው ሜዳ ላይ እየተገፋ፣ እሱ በነደለው ግድግዳ ገባ።

ውሃው ግማሹ ሳህኑ ውስጥ፣ ግማሹ የፓስተሯ አዲስ ነጭ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ሜርል ማሰሮውን አላወረደም፤ ጠብታው እስኪያልቅ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ሕፃኗ ጮኸች። አራተኛው ረድፍ ላይ ቬርና በእግር ሹራቧ ብቻ ቆማ ነበር፤ ጫማዋን ውጭ ረስታው ገብታለች።

በሐምሌ ለበላይ አካል የሚላከው ሪፖርት ወጣ። «በበሮቹ ትርኢት አማካይነት ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች» ከሚለው ጎን «አንድ» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደሆነ ቬርና ጠየቀች። ሜርል ነው፤ ሃምሳ አንድ ዓመት አባል የሆነው ሜርል። «ሪፖርቱ ውስጥ ዜሮ ማስገባት ደስ አይልም» አላት ሪፖርቱን የጻፈው ሰው።

ከዚያ በፊት ግን በሰኔው ስብሰባ ላይ፣ በሮቹ እስኪነሡ ድረስ ጣውላው ወደ ቦታው ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ደጋፊም አግኝቶ አለፈ። ብሎኖቹ ግን ጠፉ።

«ቬርና፣ ብሎኖቹን አይተሻል?» አለ ቶድ፣ ጣሪያውን እያየ።

ቃለ ጉባኤ በጻፈችባቸው አርባ ስድስት ዓመታት አንድ ወረቀት ጠፍቶባት የማያውቅ ቬርና፣ «እንጃ» አለች። «ኮሚቴ አቋቁማችሁ ፈልጓቸው።»

ተቋቋመ።

እቤት ስትገባ ሜርል የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብሎኖቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ጣሳ በግራ እጁ እያንቃጨለ ይጠብቃታል። «ስምንቱም... አሉ?»

«ሰባት ናቸው» አለች ቬርና ጫማዋን እያወለቀች። «አንዱን ያን ቀን ቶድ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ።»