እስቲ ይተንፍሱበት

ባለፈው መስከረም ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተጣብቤ ተቀምጬ ነበር። ሬዲዮው ዜና ሲያወራ ድንገት ጆሮዬን አቆምኩ። የዘንድሮውን ትልቁን የኬሚስትሪ ሽልማት የወሰዱት፣ ብረትንና ኦርጋኒክ ነገርን አገጣጥመው ውስጡ በጥቃቅን ባዶ ክፍሎች የተሞላ ክሪስታል የሠሩ ሰዎች ናቸው አለ። «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«ወራጅ አለ እንዴ?»

«የለም፣ ንዳው» አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? በዚሁ ጉዳይ ከአማካሪዬ ጋር አንገት ለአንገት ተያይዤ ነበር ልበለው?

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ አምቦ ላይ የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከካቺሲ የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቴ ደውሎ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲለኝ፣ «ቤት ነው አባዬ። መዳቡ ምሰሶ፣ አሲዱ ማገር። ግድግዳው አይመረግም፤ ክፍሎቹ ባዶ ስለሆኑ ውሃም አየርም ገብቶ ያድርባቸዋል» አልኩት።

«ያልተመረገ ቤትማ ብርድ ነው!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ እንጂ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ መላኩን አላቋረጠም። የካቺሲ መንገድ በክረምት ጭቃው መኪና ይውጣል፤ ጩኮው ግን እንደምንም አምቦ ይደርሳል።

የኔ ቤት ነው እንጂ አልቆም ያለው። መዳቡንና አሲዱን በተጣራ ውሃ ቀላቅዬ ሳሞቀው ሰማያዊ ዱቄት መውጣት ነበረበት። የወጣው አረንጓዴ ጭቃ ነው። ደግሜ ሠራሁት፤ ጭቃ። ሰልሼ ሠራሁት፤ ያው ጭቃ። አማካሪዬ ዶክተር ሰለሞን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ሳይጀመር መጨረሻው የሚታያቸው ዓይነት ሰው ነበሩ።

«ጫልቱ፣ ተይው። ይሄ ማሽን በሞላበት አገር የሚሠራ ነው። እኛ የክሪስታሉን ውስጥ የሚያሳየው ኤክስሬይ የለን፣ መብራቱ እንኳ እንደልብ የለን። የማር ጥራት መርምሪና ተመረቂ።»

ማር እወዳለሁ፤ በዳቦ ሲሆን ደግሞ አልጠግበውም። ግን ያቃጠለኝ ማሩ አልነበረም፤ «እኛ» ማለታቸው ነው። ሰው «እኔ አልችልም» ካለ መብቱ ነው። «እኛ አንችልም» ሲል ግን ሳይጠይቀኝ እኔንም ጨምሮኛል!

«አልቀይርም» አልኳቸው።

«እንግዲያው በሚመጣው ሴሚናር ሁሉም ፊት አሳዪን። ካልሆነ ርዕሱ ይቀየራል፤ ከዚያ ወዲያ አትለምኚኝ።»

በንዴት እየጦፍኩ ወደ ላብራቶሪው ተመለስኩ። የተጣራ ውሃ የምናስቀምጥበትን ጀሪካን ስከፍተው «ፍስስ» አለ። ቆምኩ። የተጣራ ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው ድምፅ ያለው? ጠጋ ብዬ ሳየው ጎንና ጎኑ ላይ አረፋ ደርድሯል።

«ቶሌራ!» ብዬ ተጣራሁ። ቶሌራ ላብራቶሪ የምንጋራ የጉደር ልጅ ነው። «እዚህ ውስጥ ምንድን ነው የጨመርከው?»

«ማጣሪያው መብራት ጠፍቶ ቆሞ ነበር። እንዳትቸገሪ ብዬ በቆመ ቁጥር ከሆራው እየቀዳሁ ስሞላልሽ ነበር።»

ሆራ ከምድር እየፈላ የሚወጣው የማዕድን ውሃችን ነው።

«የሆራ ውሃ? ለኬሚስትሪ?»

«ያ ዋቃ! ከሱ የበለጠ ንጹህ ምን አለ? ከብቱ የሚፋፋበት፣ ሰው የሚድንበት!» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ የአገሩ ክብር የተነካ ይመስል።

«አንተ ራስህ ከብት ነህ!» አልኩትና ሳቄ አመለጠኝ። ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን አሲዴ ሳይደርስ መዳቡን እየቀደመ ሲይዝብኝ ከርሟል። ቤቱ አልቆም ያለው ምሰሶው ተሰርቆ ነው። የኔም የአምቦም ችሎታ ማነስ አልነበረም።

ማጣሪያው አሁንም ቆሟል፤ ሴሚናሩ ደርሷል። ግን ሐምሌ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን ማን ይከለክለናል? ጣሪያ እንዳይነካው ከሕንፃው ጀርባ ሜዳው መሃል በዝናቡ ውሃ ያለቀለቅነውን ሳፋ አስቀመጥን። የጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠግተን ጩኮ እየበላን ዝናቡ ሳፋው ላይ ሲደበድብ አየን። ቅቤው ጣቴ ላይ፣ የረጠበው ሣር ሽታ አፍንጫዬ ላይ፤ እንደዚያ ቀን ዝናብ ወድጄ አላውቅም።

በዝናቡ ውሃ ስሠራው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ስናደርቀው ክፍሎቹን የሞላው ውሃ ወጣና ወደ ጠቆረ ወይን ጠጅ ተለወጠ። ቶሌራ አቅፎ አነሳኝ።

የሴሚናሩ ቀን መብራት የለም፤ ስክሪን የለም። የጠቆረውን ዱቄት ከታሸገ ብልቃጥ የመስታወት ሳህን ላይ በስሱ ነሰነስኩና በቀጥታ ዶክተር ሰለሞን ፊት ሄድኩ።

«ዶክተር፣ እስቲ ይተንፍሱበት።»

ታዳሚው ሳቀ። «ምን አልሽ?» አሉ።

«ይተንፍሱበት። ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ የትንፋሽዎ እርጥበት ይገባባቸዋል።»

ሰውየው አጎነበሱና «እህ» ብለው ተነፈሱ። ደገሙት። ትንፋሻቸው ያረፈበት ቦታ ቀስ በቀስ እየፈካ ሰማያዊ ሆነ። ሳቁ ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ማንም ሳይጠይቃቸው እንደገና ተነፈሱበት።

«ይሄ ማስረጃ አይደለም» አሉ ቀና ሲሉ።

«አይደለም። ለማስረጃው አዲስ አበባ ልኬ ኤክስሬይ አስነሳዋለሁ። ለማቆም ምክንያት የሚሆን ግን የለም።»

ሳህኑን ወደ እኔ መለሱልኝ። «ቀጥይ» አሉ።

ቀጠልኩ። ውጤቱም ከአዲስ አበባ መጣ፤ ራሱ ነበር። ሌሎች ቀድመው የሠሩት ክሪስታል መሆኑን አውቃለሁ፤ የመጀመሪያዋ ነኝ አላልኩም። አምቦ ላይ አይሠራም ስለተባለ አምቦ ላይ ሠራሁት፤ ይኸው ነው።

ዛሬ እጃጂ አስተምራለሁ። ዜናውን በሰማሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ዶክተር ሰለሞን ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል።

«ጫልቱ፣ ዜናውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ ዶክተር። ማሩስ እንዴት ነው?»

እያሳላቸው ሳቁ። «እሱን ተይውና፣ ያ ዱቄት አሁንም አለሽ?»

«ያኛው ሞቷል። እርጥበት ሲበዛበት ይፈርሳል፤ ክረምታችንን አልቻለውም።»

«አይ! ያሳዝናል።»

ምኑ ያሳዝናል? እሱ በፈረሰ ቁጥር ሳፋ ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ አሁንማ ብቻዬን አይደለሁም፣ ተማሪዎቼ ቀድመውኝ ይወጣሉ። ደመናውን በመስኮት አየሁና ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«ሌላ ሠርተናል፣ ዶክተር» አልኳቸው። «ይምጡና ይተንፍሱበት።»