የሻወር ቤቱ በሶብላ

ባለፈው እሁድ እኛ ቤት ማኅበር ነበር። ክትፎው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ እየበላ ሳለ... እትዬ የሺ «እጄን ልታጠብ» ብለው ሻወር ቤት ገቡና ቀሩ።

እትዬ የሺን ለማታውቁ... ከማኅበራችን ሴቶች ሁሉ ታላቋ ናቸው። ኦስሎ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በጽዳት ሥራ ቆይተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ምላሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ተረኛዋ የደገሰችውን አንዴ ይቀምሱና ፍርድ ይሰጣሉ። ይግባኝ የለውም።

አምና በእኔ ተራ የተፈረደብኝን ልንገራችሁ። ለክትፎው ዳጣ ልሠራ ፈልጌ እርጥብ በሶብላ ከየት ላምጣ? ጥር ነው፣ የኦስሎው ግሮሩድ ሰፈር ነው፣ ደጁ በረዶ ነው። ከሱቅ ባሲሊኩም የሚሉትን ቅጠል ገዛሁና ከቃሪያውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ፈጨሁት። ያው የሥጋ ዘመዱ ነው፣ ማን ይለየዋል ብዬ።

እትዬ የሺ ለዩት።

«ይሄ የፒዛ ቅጠል ነው» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀጥለው ደግሞ እያባበሉ «ግድ የለም፣ ልጅ ናት፣ ትለምዳለች።»

አርባ ዓመቴ ነው እኮ። ሁለት ወልጃለሁ። የዚያን ቀን ሳህን እያጠብኩ አለቀስኩ... በንዴት። ለከርሞ እውነተኛ በሶብላ ካላቀረብኩ ብዬም ማልኩ።

እህቴ ከአዲስ አበባ ለሽሮ የላከችልኝ ደረቅ በሶብላ ነበረኝ፤ ያልተፈጨ፣ ከነዛላው። አንድ ቀን በመዳፌ አሸት ሳደርገው ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ እጄ ላይ ቀረ። ለካ ዘሩን ቅመም ዕቃ ውስጥ ቆልፌበት ነው በሶብላ አጣሁ ብዬ ሳለቅስ የከረምኩት።

መስኮት ላይ ዘራሁት። በቀለልኝ። ኅዳር ሲገባ ብርዱና ጨለማው አንድ ሳያስቀር ጨረሰው። እንደገና ዘራሁና ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚሞቅ ቦታ የቱ ነው ብዬ አሰብኩ... ሻወር ቤት። እዚህ አገር የሻወር ቤት ወለል ከሥሩ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። የአበባ ማሰሮዎቹን እዚያ ደረደርኩ፣ የተክል መብራት ከላያቸው ሰቀልኩ።

ባለቤቴ ተስፋዬ ጥግ ይዞ መታጠብ ጀመረ።

«አሁን ይሄ ሻወር ነው ጫካ?»

«ሳሙናው እንዳይረጨው ብቻ።»

«እና የት ልታጠብ?»

«ሥራ ቦታህ ሻወር የለም?»

ምስኪን፣ እዚያው ታጥቦ መምጣት ለመደ። ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቅኩት። ገና ለጋ ነው፣ የሰው ዓይን ይበላዋል ብዬ ፈርቼ ነው። የማኅበሩ ዕለት ለዳጣው የሚበቃኝን ቀጥፌ የቀረውን መኝታ ቤት ልደብቅ አስቤ ነበር። በድግሱ ጥድፊያ ረሳሁት።

እንግዲህ እትዬ የሺ ዳጣውን ቀመሱ። ደገሙ። እሳቸው ቀምሰው ፍርድ ሳይሰጡ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ነው ልታጠብ ብለው የተነሱት።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ወድቀው እንዳይሆን» አለችኝ። ሮጬ አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

ደግሜ አንኳኳሁ።

«እትዬ የሺ?»

«አዎ፣ አዎ... ግቢ።»

ገባሁ። የመጸዳጃውን ክዳን ዘግተው ተቀምጠውበታል። አንዱን ማሰሮ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነጭ ነጠላቸው አፈር ነክቶ፣ አፍንጫቸውን ቅጠሉ ውስጥ ቀብረዋል። ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ማን ነው ያበቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ። ወለሉ ይሞቃል።»

ጎንበስ ብለው ወለሉን ዳበሱት። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ወለል ስወለውል ኖሬ... ይሄ እንዴት አልታየኝም?»

ከዚያ ማሰሮውን እንዳቀፉ ተነስተው ሳሎን ገቡ።

«ይቺ ልጅ...» አሉ። ዞር ብለው አዩኝና ቃላቸውን አረሙ። «ይቺ ሴት... ባለሙያ ናት።»

ደስ አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ስንት ድግስ ደግሼ ከእሳቸው አፍ ይቺን ቃል ሰምቻት አላውቅም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ የተመሰገንኩት ራሴ ስለሆንኩ ነው ያፈርኩት።

ወዲያው ሴቶቹ ሻወር ቤት በር ላይ ተሰለፉ። ማኅበሩ ሲበተን ሁሉም ቅንጥብ ቅንጥቡን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ወጣ። እትዬ የሺማ ማሰሮውን አላስቀመጡትም፤ ብርድ እንዳይመታው በካፖርታቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ሄዱ። ስጪኝም አላሉ፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ሙያ በልብ ነው ይላሉ... የእኔ ግን ሻወር ቤት ነበር።