አልመጣም ያልኩት ደብዳቤ

ደብዳቤውን ያነበብኩት ፖስታ ሳጥኑ ዘንድ ቆሜ ነው። የጋሼን ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ሥራዬ ነበር፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀት አይዙም። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ቬትናም የዘመቱ። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሠራተኛ ነበርኩ። "ጋሼ" ማለት ምን እንደሆነ አንዴ ከነገርኳቸው በኋላ በስማቸው ስጠራቸው መስማት ተዉ።

ከመንግሥት የመጣው ደብዳቤ የእጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ፓርኪንሰን የሚሉት፣ ያኔ በጦርነቱ የጫካውን ቅጠል ለማርገፍ ከተረጨው መርዝ ጋር ተያይዞ ተቀባይነት ማግኘቱን ይናገራል። ሁለተኛው ገጽ ስለ ልጆች ነው። እዚያ ከዘመቱ ሰዎች የተወለዱ፣ የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም የቀረ ልጆችም በዚያው መርዝ የተጎዱ ተብለው ይታያሉ ይላል።

አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ እስኪበረታ ይጠበቃል። መርዝ በሰውነትዎ ውስጥ አለ ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

"ደብዳቤ መጣ?" አሉኝ ከበረንዳው።

"አልመጣም፣ ጋሼ።"

"ፖስተኛው ከአገርሽ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ሳቅሁ። በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑ አልመጣም እላለሁ። ስጸልይ ይህችን ነገር ዘልዬ አልፋታለሁ።

እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፌርፋክስ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጎራ ብዬ እንጀራና ምስር እገዛና ጋሼን ድራይቭ አድርጌ ቶራንስ እወስዳቸዋለሁ። ባለቤታቸው እዚያ መጦሪያ ቤት ነበሩ፤ ልባቸው ቢደክምም አእምሯቸው ንቁ ነው። ጋሼ ማንኪያ ከእጃቸው እየወደቀ ስለሚያሳፍራቸው እንጀራ ይወዱ ነበር።

"ጸሎቱን አሳጥሪው" ይሉኛል፣ "ጌታ ሰምቶሻል፤ ምስሩ ነው የሚቀዘቅዘው።"

"አንተ ዝም በል፣ ትጸልይ" ይላሉ ባለቤታቸው።

ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ በርጩማቸውን ግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር አስቀምጠው በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ አረም መንቀል ጀመሩ። አሳዘኑኝና "የአረም መድኃኒት ገዝቼ ልርጨው?" አልኳቸው።

"እዚህ ግቢ መርዝ አይገባም" አሉ። "ቬትናም የመርዙን በርሜሎች ተሸክሜያለሁ፤ ወገባቸው ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ነበረባቸው። ባዶዎቹን ቆርጠን ገላችንን ታጥበንባቸዋል።"

አንድ አረም ነቀሉና አፈሩን አራገፉ።

"ሴት ልጅ ነበረችን። ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ተወለደች፤ አራት ዓመት ኖረች። እናቷ ነፍሰ ጡር ሆኜ ቆሜ ስለሠራሁ ነው ብላ ራሷን ስትከስ ኖረች። እኔ ደግሞ እዚያ ላደረግሁት እግዚአብሔር እየከፈለኝ ነው እላለሁ። አንድም ቀን አውጥተን አልተነጋገርንበትም። ያን ደብዳቤ የምጠብቀው ጥፋቱ የመርዙ እንጂ የሷ አለመሆኑ ለእናቷ እንዲነበብላት ነበር።"

ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን አመጣሁ። አፈሩ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላቸው፤ ሁለተኛውን ገጽ ሁለቴ።

"መቼ መጣ?"

"እሳቸው ሳይሞቱ።"

"እሷ በሕይወት ሳለች ስንት እሁድ አለፈው?"

"ሁለት፣ ጋሼ።"

"ሁለት እሁድ" አሉ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ግን "ነገ እንዳትቀሪ" አሉኝ።

በማግስቱ ወደ መቃብሯ ውሰጂኝ አሉ። ሣሩ ላይ ቆሜ ደብዳቤውን ለመቃብሩ ድንጋይ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ጀመርኩ።

"ቀስ እያልሽ" አሉኝ። "እሷ የሚቸኩል ሰው አትወድም።"

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል አብረን ቆየን፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፖስታው ሳይከፈት ጉልበታቸው ላይ አስቀምጥ ነበር። ጋሼ ካለፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬም ፌርፋክስ ስገባ ሳላስበው ሁለት ምስር አዝዛለሁ፤ አስተናጋጇ ለምዳኝ ሳትጠይቅ ትጠቀልልልኛለች። ስጸልይ ቶሎ አሳጥሪው የሚለኝ ሰው ይናፍቀኛል። ያሳጣኋቸው ሁለት እሁድ ደግሞ ከፊቴ አይጠፋም።

በዚህ ከተማ ብዙዎቻችን ቬትናም የነበሩ ሰዎችን እንጦራለን። እዚያ የነበራችሁ አባቶች፣ ይህን ፊደል ባታነቡትም ከመካከላችን አንዷ ትንገራችሁ፦ ደብዳቤ መጣ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ አልመጣም ካልናችሁ፣ እባካችሁ ደግማችሁ ጠይቁን።