በማን ሰዓት?

ልጄ ሂክማ ባለፈው ሳምንት የአባቷን ሱቅ ቁልፍ ለአከራዩ አስረክባ፣ የተረፈውን ዕቃ በአንድ የሙዝ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ብሎን መፍቻዎች፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ እጀታው የተሰበረ የሻይ ኩባያ፣ ከሥር ደግሞ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር። እኔ ኢዳ ላይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ሁለቱን ወር ጨርሻለሁ። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" ይለኛል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ ደብተሩን ከፈትኩት።

ባሌ እንድሪስ መርሳ ላይ ኮምፒውተር ሲጠግን፣ ቅጽ ሲሞላ፣ ማመልከቻ ሲጽፍ ነው የኖረው። ደብተሩ ግን በዕድሜ ከሱቁ ይበልጣል። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎ በግራ "ችግር"፣ በቀኝ "መፍትሔ" ብሎ ይጽፍበታል። የሚጽፈውም እንደሚናገረው ነው፤ አጭር። ከኋላ ወደ ፊት እየገለጥኩ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ስደርስ፣ ወልድያ አብረን የሠራንበትን አንድ ቀን አገኘሁ። ያነበብኩትን ከመናገሬ በፊት ቀኑን ራሱን መናገር አለብኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወልድያ በሚገኝ አንድ የጤና ሥልጠና ተቋም ተቀጥሬ ዌብሳይት እሠራለሁ፤ እንድሪስ ደግሞ ሰርቨሩን፣ ማለትም ዌብሳይቱ ተጭኖ ለሕዝብ የሚታይበትን ኮምፒውተር ይቆጣጠራል። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ነገር ሲገባውም ሳይገባውም ፊቱ አይለወጥም ነበር፤ ያኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ተቋሙ የአዋላጅነት ሠልጣኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ሊመዘግብ ወሰነ። ምዝገባው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ቀድሞ የተመዘገበ ቦታ ይይዛል፤ ቦታው ሲሞላ አበቃ።

ዌብሳይቱን ክረምቱን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈልኩ እጽፋለሁ። የዌብሳይት ሥራ ሁሉንም ከባዶ መጀመር አይደለም። ፍሬምወርክ የሚባል፣ ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት አጽም አለ፤ ሥጋውን ማልበስ ነው የአንቺ ፋንታ። ማታ ማታ ላፕቶፔ ላይ እሞክረዋለሁ፣ እንደ ሰዓት ይሠራል።

ስለ ላፕቶፔ አንድ ነገር ልበል። ሰዓቱን በሐበሻ አድርጌው ነበር። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሲል ሦስት ነው እያልኩ ስድስት መቀነሱ ሰልችቶኝ ቁጥሩን ራሱን ወደ ኋላ መለስኩት። ከቢሮው ሰው ግማሹ እንዲህ ያደርግ ስለነበር ማንም አላስተዋለውም፤ እኔም ረሳሁት።

ቀኑ ደረሰ። መስከረም እያለቀ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ እንድሪስ ዌብሳይቱን ሰርቨሩ ላይ ጭኖ ስንከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ ወጣ።

"በእኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሠራል" አልኩት።

"እንግዲያው ላፕቶፕሽን እየዞርን ለአገሩ ሁሉ እናሳየዋ" አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ነጩ ገጽ የመጣው ሰርቨሩ ላይ ያለው የፍሬምወርኩ ዓይነት ከእኔ ያረጀ ስለነበር ነው። እሱን ሲያስተካክል ገጹ ወጣ፤ ግን ቀለሙም፣ ምስሉም፣ መልኩም የለም። ወዲያው ስልኬ ጠራ። መርሳ ላይ የኢንተርኔት ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። የሀብሩ ወረዳ ልጆች አብዛኞቹ የሚመዘገቡት እሳቸው ቤት ስለሆነ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻቸው ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገርሽ ራቁቱን መጣብኝ እኮ!"

"ልብሱን እያለበስነው ነው እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"ቶሎ በይ፤ ሰው እያየው ነው።"

የመልኩን ፋይሎች ሰርቨሩ ወደሚያውቀው ቦታ አዛወርናቸው። ለበሰ። ቀጥሎ የአመልካቹ ፎቶ አልገባ አለ፤ ሰርቨሩ ፎቶ በሚቀመጥበት ማህደር ውስጥ መጻፍ አልተፈቀደለትም ነበር። እንድሪስ ፈቀደለት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ ተመዘገበች፤ ስሟ ዝርዝሩ ላይ ሲወጣ በደስታ ጠረጴዛውን መታሁት። ኃላፊያችን አቶ ታደለ ብቅ ብለው "በሉ ፉል አስመጥቻለሁ፣ ብሉ" አሉን። ቃሪያው በዝቶበት ዓይናችን እያነባ በላን። ከዚያ ቀን ሳስታውሰው ደስ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

እትዬ ዘነበች እንደገና ደወሉ። "ሰልፉ ፓፓያ ሻጮቹ ጋ ደርሷል። ኢንተርኔቱ ስለሚጎተት አንዷን ለመመዝገብ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አንዲት የግራና ልጅ አለች፣ መዲና የምትባል፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በእግሯ የመጣች። የፈተና ውጤቷ የሚያገለግላት ለዘንድሮ ብቻ ነው አሉ። 'ዛሬ ካለፈኝ አለፈኝ' እያለች ሰዉን ሁሉ አስጨንቃዋለች። ተራዋ ገና ነው።"

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለ፣ ይንገሯት" አልኩ።

ልክ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ገጹ ተለወጠ። "ምዝገባው ተጠናቋል" ይላል፤ እኔ ራሴ በአረንጓዴ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር። ስልኩ ጠራ፤ አሁን ግን እትዬ ዘነበች አልነበሩም። ቀጭን ድምፅ ነው።

"እትዬ፣ አንቱ ኖት የዘጉት?"

"አልዘጋሁትም። ማነሽ?"

"መዲና ነኝ። ከፊቴ የቀረችው አንዲት ልጅ ነበረች። ምን ላድርግ ታዲያ? ልጠብቅ?"

"ጠብቂ" አልኳት። "አሁን ይከፈታል፤ የትም አትሂጂ፣ ጠብቂ።"

ያላየነው ቦታ አልነበረም። የተመዝጋቢዎቹ ስም የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ አየን፤ ደህና ነው። ቦታ ሞልቶ እንደሆነ ቆጠርን፤ ግማሹም አልሞላ። ሰርቨሩ የያዘውን አሮጌ ገጽ አጠፋን፤ ያው ነው። ሁሉንም ሰርዘን እንደገና ጫንነው፣ አገልግሎቱን አጥፍተን አስነሳነው። ያው አረንጓዴ ዓረፍተ ነገር። ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ምዝገባው ወለል ብሎ ተከፍቷል። አቶ ታደለ በየአሥር ደቂቃው በሩን እየከፈቱ "ምን ልበላቸው?" ይላሉ። እኔ ፍሬምወርኩን እረግማለሁ፣ የሠሩትን ሰዎች እረግማለሁ።

እንድሪስ ሰርቨሩ የሚሠራውን ሁሉ በየደቂቃው የሚጽፍበትን መዝገብ ያነብ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና አለ። ላፕቶፔን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ሁለት ሻይ ይዞ ተመለሰ።

"ከድጃ፣ ሻይሽን ጠጪና ኮድሽን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው።"

"አንብቤዋለሁ!"

"እንደገና።"

በንዴት ልቃጠል ደረስኩ። ሻዩን ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው ያየሁት። እንድሪስ የከፈተው መዝገብ የመጨረሻ መስመር ላይ ሰዓቱ አሥራ ሦስት ይላል፤ የላፕቶፔ ጥግ ላይ ሰባት። ኮዱ ውስጥ "አሥራ አንድ ሲሆን ዝጋ" ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ በእኛ አሥራ አንድ። ሰርቨሩ ግን ሐበሻ አይደለም። እሱ አሥራ አንድ የሚለው እኛ ከረፋዱ አምስት የምንለውን ነው። ያዘዝኩትን፣ ባዘዝኩት ሰዓት፣ ምንም ሳያጓድል ፈጽሟል።

ቁጥሩን ለወጥኩት። ማንንም ሳላይ ጫንኩት። ተከፈተ።

"ሠራ!" አልኩ።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉ አቶ ታደለ።

"እንጃ። ሰርቨሩን ደጋግመን ስናስነሳው ራሱ ተስተካከለ መሰለኝ።"

እንድሪስ የቀዘቀዘውን ሻዬን አንስቶ ወጣ።

መርሳ ደወልኩ። "አሁን ማንን ልመዝግብ? ሰልፉ ተበትኗል" አሉ እትዬ ዘነበች። "የግራናው መኪና ስድስት ተኩል ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የለም። ልጅቷ 'ጠብቂ ብለውኛል' ብላ አልሳፈርም አለች። ሹፌሩ ነው እጇን ይዞ ያስገባት። መንደሯ ስልክ አይገባ፣ በምን ልጥራት?"

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀሪውን ቦታ የወልድያ ልጆች በስልካቸው ጨረሱት።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የሀብሩ ወላጆች አቤቱታ ይዘው መጥተዋል። አቶ ታደለ "ጥፋቱ የማን ነው?" ብለው ሁላችንንም በየተራ አዩን። እናቴ በእኔ ደመወዝ ነበር የምትኖረው፤ ላለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ ዛሬ ግን አንዱም ምክንያት አይመስለኝም። እንድሪስ ቁጭ እንዳለ "የሰርቨሩን ሰዓት አበላሽቼ የሞላሁት እኔ ነኝ" አለ። የሰርቨሩ ሰዓት ልክ ነበር። እኔና እሱ ብቻ እናውቃለን። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጭረት አይ ነበር።

የሥራ ውሉ አልታደሰለትም። አጎቱ መርሳ ላይ አንዲት ክፍል ሰጡት፣ ሱቅ ከፈተ። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ፤ ተጋባን። እኔ ለዓመታት በየጠዋቱ በሚኒባስ ወልድያ እየሄድኩ እሠራ ነበር። ሲሪንቃ ላይ መኪናው ሰው ለማሳፈር ሲቆም፣ የማሽላውን እርሻ እያየሁ ዛሬ ማታ አነሳበታለሁ እል ነበር። ማታ ቤት ስገባ እሱ ማንጎ ልጦ በሳህን አስቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ሳልናገር እተኛለሁ። እሱም አንድ ቀን አላነሳብኝም። ለእኔ ሲል ነው፣ ስለወደደኝ ነው እያልኩ ኖርኩ። ሰው በዚህም መኖር ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አብሮት ቀረ። ቅጽ ሊያስሞላ የመጣ ሰው "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስገባ ተብያለሁ" ካለው፣ "በማን ሰዓት?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሳያጣራ አይሞላም። የመርሳ ሰው ስም አወጣለት። ባጃጅ ነጂዎቹ በሱቁ ሲያልፉ "በማን ሰዓት! ሰላም ነው?" ይሉታል፤ እሱም እጁን ያነሳላቸዋል። እኔ ከጎኑ ካለሁ እንደ ሌላው እስቃለሁ።

ሲሞት መዲናም ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሴቶች ጋር ለተዕዚያ መጣች። መልኳን አላውቀውም ነበር፤ ስሟን ሴቶቹ ሲጠሩት ሰማሁ። ግራና ላይ ሽንኩርትና ፓፓያ ትሸጣለች። የገበያ ሴት እጅ ያላት፣ ሰፊ፣ ረጋ ያለች ሴት ሆናለች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ "የእህቴን ልጅ ቅጽ የሞላላት እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ወልድያ ደውሎ ሰዓቱን አጣርቶ! እኛማ እንስቅበት ነበር። አላህ ጀነትን ይወፍቀው" አለችኝ። አሚን አልኩ። ድምፄን አላወቀችውም።

አሁን ወደ ደብተሩ። የዚያን ቀን ችግሮች በተርታ ተጽፈዋል፤ ነጩ ገጽ፣ ራቁቱን የወጣው ገጽ፣ ፎቶው፣ ከነመፍትሔያቸው። የመጨረሻው "ችግር" እንዲህ ይላል፦ "ከ5 ሰዓት ጀምሮ ዘጋ። የከድጃ ኮድ በሐበሻ ሰዓት ነው። 5፡40 ላይ አየሁት።" በቀኝ በኩል፣ "መፍትሔ" በሚለው ሥር፦ "ራሷ ታግኘው። ሰው ፊት አላሳፍራትም።" ከታች፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ ምናልባት በሌላ ቀን፦ "አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። የመርሳ ልጆች ሄዱ።"

ሌላ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ስለ አንድ ማተሚያ ማሽን ነው።

ሻዩን አስታወስኩት። አምስት ከአርባ። መኪናው የወጣው ስድስት ተኩል ላይ ነው። በመካከሉ ሃምሳ ደቂቃ ነበር፤ መዲናን አስመዝግቦ ይተርፍ ነበር። ስብሰባው ላይ ጥፋቱን የወሰደው ለእኔ ብሎ ብቻ አልነበረም፤ የራሱም ነበረበት። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ተናደድኩበት፣ ለሙት እንዴት እንደሚናደዱ ሳላውቅ። ቀጥሎ አለቀስኩ፤ ከቀብሩ ቀን ይልቅ አብዝቼ አለቀስኩ። ባንድ ቤት፣ ባንድ ሳህን፣ ሁለታችንም ያችኑ ልጅ በየፊናችን ተሸክመን፣ አንዳችን ለሌላችን ደግ የሆንን እየመሰለን ኖርን። እሱ እኔን ላለማሳፈር ዝም አለ፣ እኔ ላለማፈር። ሂሳቡን ያወራረደችልን ግራና ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት።

ሂክማ ይህን ስጽፍ አይታ "እማ፣ ለምን የመዲናን ስልክ ፈልጌ አላመጣልሽም?" አለችኝ። አልፈለግሁም። በስልክ አንዴ አውርቻታለሁ፤ ያ ይበቃል።

ኢዳዬ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ይቀረዋል። ሲያልቅ፣ ኢንሻአላህ፣ በገበያ ቀን ጠዋት ግራና እወርዳለሁ። ሽንኩርቷን ከዘረጋችበት ፊት ለፊት እቀመጥና ደብተሩን እሰጣታለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ያ የእሷ ነው። የምነግራት ግን አንድ ነገር ነው፤ "መዲና፣ ያን ቀን ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።"