የጋሽ ወስፌ አስታራቂ ካርዶች

የጋሽ ወስፌን ካርድ የተቀበለ ሰው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ቀን ከተጣላው ሰው ጋር ይታረቃል ይባላል። ማን ይላል? ሁሉም ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ደንበኛው ጉሮሮ ላይ አድርጎ ይላል፤ ደንበኛውም በዚያች ሰዓት ተቃውሞ የለውም። ሰውየው መርፌውን በወጋ ቁጥር በከንፈሩ አንድ ነገር ያነበንባል፣ ጥልፉንም የተማረው በሕልሙ ነው የሚሉ አሉ። አንዲት ሴትዮማ ካርዱን ትራሷ ስር አድርጋ ብታድር የባሏ እናት ናፈቁኝ ብላ ተነሳች ተብሏል። ይቺን ለማመን እንኳ ጠንከር ያለ ልብ ያስፈልጋል።

ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና እስቲ እንጨምርበት። ጋሽ ወስፌ ያነበንባል የተባለው ጣቱን በወጋ ቁጥር የሚሳደበው ስድብ ነው። ጥልፉንም የተማረው ከሕልም ሳይሆን ከጫማ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጫማ ሰፍቷል፣ ቅጽል ስሙም ከእጁ ከማትለየው ወስፌ የመጣ ነው። ደግሞስ ካርዱ ያን ያህል የሚያስታርቅ ከሆነ፣ ሰውየው ራሱ ሦስት በር አልፋ ከምትኖረው ታላቅ እህቱ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገር እንዴት ከረመ?

እህቱ የታወቀች ጥልፍ ጠላፊ ናት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ኋላ ጋሽ ወስፌ የጫማ መስፊያ ክፍሉን ሲያሰፋ፣ አራት ወር ዓይኗ እስኪቀላ ደክማ መጋረጃ ጠለፈችለት፦ ጭራዋን እንደ ጃንጥላ የዘረጋች ጣዎስ። መጋረጃው በተሰቀለበት ቀን ክፍሉ በደንበኛ ጢም ብሎ ነበር። ጋሽ ወስፌ ራቅ ብሎ አየ፣ ቀረብ ብሎ አየ፣ ከዚያ የምላስ ነገር ሆኖ፣ «እትዬ፣ ዶሮዋስ ታምራለች፤ እንቁላሉስ የታል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እህቱ ወንበር ላይ ወጣች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ አራት ቦታ አጥፋ ብብቷ ስር ሸጎጠችና ወጣች። ሳቁ ሳያልቅ ስድስት ዓመቱ ጀመረ።

ካርድ መሥራት የጀመረው እሷን ይቅርታ ሊጠይቅ ብሎ ነው። ጠንካራ ወረቀት ለሁለት አጠፈ፣ በእርሳስ ጣዎስ ነደፈ፣ መስመሩን ተከትሎ በወስፌው ጥቃቅን ቀዳዳ በሳ፣ በየቀዳዳው ባለቀለም ክር አመላለሰ። ጨርሶ ሲያየው ዶሮ ነው። ክንፉን ፈትቶ እንደገና ሰፋው፤ አሁን የታመመ ዶሮ ሆነ። ጣዎስ መጥለፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ያን ቀን ነው። ዶሮዋን ግን የሰፈሩ ስቴሽነሪ ባለቤት አየቻትና፣ «ውይ ስታምር! ለመስኮቴ ስጠኝ» ብላ ወሰደችበት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተሸጠች። ከዚያ ወዲያ ለእህቱ የጀመረው ሁሉ የሰው መልካም ልደት እየሆነ ሄደ።

ካርዱ ከፊት ሲያዩት ሐር ላይ የተጠለፈ ይመስላል። ጀርባው ሌላ ታሪክ ነው፦ ድመት የተጫወተበት ክር፣ በዚያ ላይ በሬ የሚያስር የጫማ ሰፊ ቋጠሮ። ያንን ጉድ ለመሸፈን በውስጥ በኩል ስስ ወረቀት በዱቄት ሙጫ ይለጥፍበታል። ወረቀቱን ደግሞ የሚያገኘው ከገዛ ጠረጴዛው ነው። በየቀኑ «ይድረስ ለእትዬ» ብሎ ደብዳቤ ይጀምራል፣ ያበላሻል፣ ይተዋል። ጫማ ሰፊ ቁራጭ ቆዳ አይጥልምና የተበላሸውን ደብዳቤ በልኩ ይቆርጥና ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙሮ ይለጥፈዋል። ሬሳ ቀብሮ እንደተመለሰ ሰው እጁን ይታጠባል።

እሱ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ሙጫው ቀጭን ነው። በሦስተኛው ቀን ደርቆ ወረቀቱን ይለቀዋል።

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት በባሏ ማንኮራፋት ተጣልታ እናቷ ቤት በገባች በሳምንቱ ባሏ ካርድ ላከላት። በሦስተኛው ቀን ከውስጡ ቁራጭ ወረቀት ዱብ አለች፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ምነው ያን ቀን አፌን በሰፋሁት ኖሮ።» ሴትየዋ አልቅሳ ተመለሰች። ባልየው የደንበኛ ጆሮ ቆርጦ እንኳ ይቅርታ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ይቅርታ መጠየቁን የሰማው ከሚስቱ አፍ ነበር። ብልህ ነውና ዝም አለ። በዶሮ የተነሳ አጥር ያጠሩ ሁለት ጎረቤታሞችም ነበሩ። አንደኛው ለሌላው ልጅ ምርቃት ካርድ ቢልክ፣ «ዶሮ አልነበረችም፤ ያጠፋው ዓይኔ ነው» የምትል ወረቀት ወደቀች። አጥሩ በማግስቱ ፈረሰ። ሁሉም ያገኘውን የግል ምስጢሩ አድርጎ ያዘ፤ ለጋሽ ወስፌ የነገረው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ጣዎሷ ተሳካችለት። ካርዷ የሻይ ትሪ ታክላለች፤ ጭራዋ ብቻ አሥራ ሰባት ዓይነት ክር ፈጅቷል። ደብዳቤውንም ያን ቀን እስከ መጨረሻው ጻፈው። ጻፈና እንደ ልማዱ ፈራ፤ ሳይቆርጥ፣ ሙሉውን፣ ጣዎሷ ጀርባ ላይ ለጥፎ ዘጋበት። ወረቀቱ እንዳይጨማደድ ብሎ ስቴሽነሪ ወስዶ ከከባድ መዝገበ ቃላት ስር አስቀመጠው።

በማግስቱ ሊወስድ ሲሄድ መዝገበ ቃላቱ ብቻውን ተቀምጧል።

«ጋሽ ወስፌ፣ ምሥራች! ትልቋ ካርድ ተሸጠችልህ» አለች ባለ ስቴሽነሪዋ።

«እንዴት ተሸጠች? ልትደርቅ እኮ ነው ያስቀመጥኳት!»

«ደርቃ አገኘኋታ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት የወሰደችው፤ ቀሚስ ለጠለፈችላት ለእህትህ ምስጋና ልትሰጥ።»

«ለየትኛዋ እህቴ?»

«ስንት እህት አለህ?»

ጋሽ ወስፌ መዝገበ ቃላቱ ላይ ተቀመጠ። እህቱ በዕድሜዋ ጥልፍ ከፊቱ አይታ አታውቅም። የሙሽራ ልብስም ቢሆን መጀመሪያ ትገለብጠዋለች፤ «ፊትማ ማንንም ያታልላል፣ ሙያ ያለው ከጀርባ ነው» ባይ ናት። ያ ሸፋኝ ወረቀት እሷ እጅ ሦስት ቀን ሊቆይ ነው?

ሦስት ሰዓትም አልቆየ። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመች፤ በአንድ እጇ ካርዱን፣ በሌላው መቀስ ይዛለች። ጋሽ ወስፌ ወንበሩን ለቀቀላትና የሚቆምበት ጠፋው። በስድስት ዓመት ውስጥ ጠጉሯ ሸብቷል፤ መነጽር ጨምራለች። ካርዱን ገልብጣ ከአፍንጫው ስር አስጠጋችለት። ሸፋኙ ወረቀት የለም።

«ይኼ ቋጠሮ ነው?»

«ለጫማ ነው የለመድኩት፣ እትዬ።»

«ጫማማ ተቀይሞሃል። ይኼን ሁሉ ክር ምን በድሎህ ነው ያነቅኸው?»

«ወረቀቱን... አየሽው እንዴ?»

«የቱን ወረቀት?» አለች። የሹራቧ ኪስ ግን ተወጥሮ፣ ከአፉ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሏል። «ፊደልህማ ዛሬም የሰከረ ጉንዳን ሰልፍ ነው» ብላ ጨመረች፤ ድምጿ መሀል ላይ ትንሽ ተሰበረባትና በሳል አሳበበች።

ከዚያ ካርዱን ወደ ፊቱ መለሰችው። ጣዎሷን ራቅ አድርጋ አየች፣ ቀረብ አድርጋ አየች።

«ዶሮዋስ ታምራለች፤» አለች ቀስ ብላ፣ «እንቁላሉስ የታል?»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም። ጎረቤቱ እንደሚለው ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ ግን ድሮም ነበር።

ዛሬ በዚያች ክፍል መስኮት ላይ አራት ቦታ የታጠፈበት ምልክት ያልለቀቀው መጋረጃ ተሰቅሏል። እሱ ይበሳል፣ እሷ ቋጠሮውን እየፈታች ትሰድበዋለች፤ ሙጫውንም ስላወፈረችው ከካርዱ ምንም አይወድቅም። ወሬው ግን አልቀነሰም፤ ባለ ስቴሽነሪዋማ ለደንበኛ ሁሉ፣ «ካርዱ ሠሪውን ራሱን ከእህቱ አስታረቀው እኮ!» እያለች ነው። አንድ ቀን እሱው ፊት ብትለው ወስፌውን አስቀመጠ።

«ውሸት ነው» አለ ጋሽ ወስፌ። «ወረቀት ሰው አያስታርቅም። እኔም ለማንም ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።»

«ከእህትህ ጋርስ?»

እህቱ ክር በጥርሷ እየበጠሰች በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችው።

«ከእህቴ ጋርማ፣» አለ፣ «ተጣልተንም አናውቅ!»