ድንኳኑ ላይ የበቀለ ጤፍ

ረምዚያ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ግን ስትስል የምትውለው ባሕር ነበር።

ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የአጎቷ የኡበይድ ሱቅ አለ። ከፊት ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ይሸጥበታል። ከኋላ መስኮቱ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያይ ሰፊ ክፍል አለ፤ ረምዚያ ፎቶ ቤት ያደረገችው እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከገፈርሳ ውሃ ላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ሲመጣ ተራራው ይጠፋል። ያኔ ከመስኮቱ ውጭ ምንም ስለማይታይ የፈለገችውን ታይበታለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣላት የቀረ ጊዜ ዘመድ አዝማድ ሁሉ እየመጣ አጽናንቷታል። እሷ ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጉሙ ውስጥ መርከብ ሲያልፍ እያየች ነበር።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ለፎቶ የሚቆም ሰው ከጀርባው የሚሆነውን ሥዕል አንሶላ ላይ ትስላለች፤ ባሕር፣ ፏፏቴ፣ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ደረጃ። ከዚያ ሰውየውን ሥዕሉ ፊት አቁማ ታነሳዋለች። ችግሩ አንሶላው ነበር። አንድ ሰው ሲቆም ባሕሩ ይበቃዋል፤ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ሲቆሙ ግን ባሕሩ ዳር ላይ የቆመው ሚዜ ትከሻ ጋ ሲደርስ ያልቅና የጭቃው ግድግዳ ይጀምራል።

«አሁን ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዟል፤» ይላታል ኡበይድ።

«ካሜራማ ይዘዋል፣ ጋሼ። የሌላቸው መቆሚያ ቦታ ነው።»

«መቆሚያ ቦታማ የእኔም ሽንኩርት አጥቷል! በረንዳ ላይ እየበሰበሰ ነው። ስሚኝ፣ ጥር የሠርግ ወር ነው። ሠርገኛ ከመጣልሽ ክፍሉ ያንቺ ነው፣ አላህ ይባርክልሽ። ካልመጣ ሽንኩርቱ ይገባል፣ አንቺም ከፊት ሆነሽ ስኳር ትመዝኛለሽ።»

ኡበይድ ክፉ ሰው አይደለም። ሥዕሎቿን ሲያይ ግን እንደ ታመመ ሰው ያያታል፤ አንዳንዴም ለራሱ «ይህቺ ልጅ የት ነው ያለችው?» ይላል።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ዙሪያውን ያሉትን ከተሞችና እርሻዎች ሊጠቀልል ነው ተብሎ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ ከቡራዩ እስከ አምቦ ተማሪውም ገበሬውም ወጥቷል። አንድ ቀን መንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። አንድ ቀን ተኩስ ይሰማል። ቀጥሎ ለቅሶ ይሆናል። ሱቅ ተዘግቶ ይውላል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ሠርግ ወደ ፋሲካ ማግሥት ይተላለፋል።

በታኅሣሥ ረምዚያ አዲስ አበባ ሄደች። «ለወጣት የጥበብ ሥራ ፈጣሪዎች» የተዘጋጀ መድረክ ነበር። ደረቷ ላይ ስሟን አንጠለጠሉላት፤ ሐሳቧን በሦስት ደቂቃ እንድትናገር መድረክ ላይ አወጧት። ስለ ጉሙና ስለ መርከቡ ስትጀምር ጊዜው አለቀ። ከዚያ ጭማቂ ተቀዳና «አሁን ኔትወርክ አድርጉ!» ተባለ። ሁሉም እየተሽከረከረ ካርድ ይሰጣል፤ ሁሉም «እንገናኝ» ይላል። አንድ ባለመነጽር ወጣት፣ «ሥራሽ ማኅበረሰቡ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ምንድን ነው?» አላት። አሰበች አሰበችና «ሰው ባሕር ዳር ይቆማል» አለችው። ልጁ ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

ስትመለስ ታክሲው አሸዋ ሜዳ ላይ አወረዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል። በእግሯ ስትሄድ መኮንንን አገኘችው። መኮንን የሰፈሩ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየዞረ የሚያረዳው እሱ ነው። ጡሩምባውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል።

«አንቺ፣ በዚህ ቀን ከየት ነው?»

«ከስብሰባ፣ ጋሽ መኮንን። ደጋፊ ፍለጋ ሄጄ።»

«አገኘሽ?»

ካርዶቹን አወጣችለት። እያገላበጠ አያቸውና፣ «እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ደርሰውሽ ያውቃሉ?» አላት።

«ኧረ ዛሬ ገና መተዋወቃችን ነው!»

«ታዲያ ስማቸው ምን ይሠራልሻል? እኔ የሰፈሩን ሰው ስም በቃሌ ነው የያዝኩት፣ ከነውሾቻቸው። ለመሆኑ የቸገረሽ ምንድን ነው?»

«ትልቅ ጨርቅ፤» አለችው። በዚያ አዳራሽ ሁሉ ያላለችውን እዚህ አቧራ ላይ በሁለት ቃል ማለቷ ለራሷም ገረማት።

መኮንን ቆም አለ። «ዕድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል። አሮጌው መጋዘን ውስጥ የአይጥ መጫወቻ ሆኗል። ኦቦ ኩምሳን አናግርልሻለሁ።»

ኦቦ ኩምሳ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። «ትውሰደው። ብቻ ሰው እንዳታስለቅስበት፤ ድንኳኑ ጡረታ ወጥቷል።»

ረምዚያ ሸራውን አጠበች፣ ጣፈች፣ ጀሶና ኮላ ለውሳ ቀባችው። ጀሶውን ያስተካከለችው በእነዚያ ካርዶች ጠርዝ ነው፤ ለዚህስ ጥሩ ነበሩ። ሸራው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወለሉም ላይ ተዘረጋ። ባሕሯን ሳለችበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሰማያዊው ይንቀሳቀስ ይመስላታል፤ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ዳር ትቆማለች። ከቀለሙ ሥር ግን የድንኳኑ ጠረን አልጠፋም፤ የዝናብ፣ የንፍሮ፣ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ጠረን።

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀረ የሚል ወሬ በሬዲዮ ተነገረ። መንገዱ ትንሽ ረገብ አለ። ረምዚያ መኮንንን፣ «ሸራውስ ሆነልኝ፤ የቀረው ሰው ነው። ለሰዎች ይንገሩልኝ እስቲ» አለችው።

እሱም እንደሚያውቅበት ነገረላት።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ። በዚያ ወር ጡሩምባ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የልጁን አልጋ ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኡበይድ ሱቅ ጓሮ፣ ረምዚያ ቤት...» ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው በጉሙ ውስጥ እየሮጡ መጡ። ረምዚያ ብሩሽ እንደያዘች በሩን ስትከፍት፣ ሰፈሩ በሙሉ ለእሷ እያለቀሰ ነው።

«ያቺን የመሰለች ልጅ! ሳትዳር፣ ሳትወልድ!»

«ኧረ ቆማለች! ያቻት ቆማለች እኮ!»

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

መኮንን እያለከለከ ደረሰ። «ማንም አልሞተም! ፎቶ ቤት ነው የተከፈተው! ጨርሼ ሳልናገር ምን አስሮጣችሁ?»

ከዚያ አንዲቷ፣ «ጡሩምባህ ይሰንጠቅ!» ብላ ስትጀምር ሁሉም ወረደበት። ያልተሳደቡት ልጃቸው በግርግሩ የታሰረባቸው እናት፣ ገለቴ ብቻ ነበሩ። «የልጄን ስም ትጠራለህ ብዬ ሞቼ ነው የመጣሁት» አሉት። መኮንን ጡሩምባውን ከኋላው ደበቀ።

ይህ ሳያንስ አንዱ ወደ ክፍሉ አንገቱን አስግጎ፣ «ይሄ ገመድ ማሰሪያ ያለው ሸራ የኛ ድንኳን አይደል?» አለ። ሁሉም አየው። «ሬሳ ያየ ድንኳን ፊት የሚቆም ሙሽራ ማን ነው? ሟርት!» እየተባባሉ፣ ወንበራቸውን ተሸክመው ወጡ። ለእሑድ የተቀጠረችው ብቸኛ ሙሽራም ከሰዓት ሳይደርስ እንደማትመጣ መልእክት ላከች።

ኡበይድ ሁሉንም ከሱቁ በር ላይ ቆሞ አይቷል። አልተቆጣትም፤ ይበልጥ የከፋትም አለመቆጣቱ ነው። «ሽንኩርቱ ሐሙስ ይገባል፤» ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ረምዚያ ወደ ክፍሏ ስትገባ ባሕሩ ፊት አንድ ሰው ተቀምጠዋል። ኦቦ ኢተፋ ናቸው፤ ከከታ ሰፈር በስተጀርባ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ። ወንበራቸውን ይዘው መጥተው ይዘው አልሄዱም።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሞተ ሰው የለም።»

«ሰምቻለሁ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እኔ ግን ለለቅሶ ነው የወጣሁት። እንዲሁ አልመለስም።» ዓይናቸው ከሸራው አልተነሳም። «እናቴ ስትሞት በዚህ ድንኳን ነው ያለቀስኩት። ወንድሜም ሲሞት። መሬቴ የሄደ ጊዜ ግን ጡሩምባ አልተነፋ፣ ንፍሮ አልተቀቀለ። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። አሁን ፕላኑ ቀረ አሉ። ደግ፣ ይቅር። የእኔው ላይ ግን ፎቅ ቆሟል።»

ረምዚያ ብሩሹን አስቀምጣ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ምን ያደርጋል?» አሉ ባሕሩን በከዘራቸው እያሳዩ። «ማሳዬን ሳዪልኝ።»

ረምዚያ ተነስታ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ነጩን ቀለም ደፋችበት። ኦቦ ኢተፋ እየነገሯት፣ ወጨጫን ከመስኮቱ እያየች፣ ቁልቁለቱን አወጣች፣ ጤፉን ዘራች። በማግሥቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ነገሩን ሰምተው መጡና ገና ከበሩ ላይ ጮኹ።

«ሾላው በስተቀኝ ምን ይሠራል? በስተግራ ነው!»

«በስተቀኝ ነው። እኔ አይደለሁ ያረስኩት?»

«አንተ በሬህን ነው የምታየው። ሥሩ ካለው ምንጭ ውሃ የቀዳሁ እኔ ነኝ!»

«በስተግራ አድርጊላት፣ ልጄ፤» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «ማታ እቤቴ ልገባ አይደል።»

«ደግሞ ጤፉ በዛ፣ አማረ። አረም ጨምሪበት።»

«የእኔ ማሳ አረም አልነበረውም!»

«ማን ሲነቅለው ከርሞ?»

ረምዚያ እየሳቀች ሾላውን አዛወረችው። እንደዚያ ቀን ሥዕል ቀሏት አያውቅም። ባሕሩን ስትስል የሚያርማት ሰው አልነበረም፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው። ሲመሽ ቀለሙ እንዲደርቅ ስትጠብቅ ጤፉ ነፋስ እንደነካው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ሲል ያየች መሰላት። መኮንን ያመጣላት ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ጨርቁ ሥር ሲቀመጥ የኖረውን ሰው ሁሉ መሆኑን ያን ጊዜ አሰበች።

ሐሙስ ደረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለብሰው መጡ። ኦቦ ኢተፋ ሸራው ወለሉ ላይ የተዘረጋበት ጠርዝ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ የሱሪያቸውን እግር ጠቅልለው ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ በጠዋት ጤፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ጤዛ እንዳያርሰው እንደሚያደርገው። ተረፈች ይህን ሲያዩ ጭቅጭቁን ተዉት፤ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በባላቸው ግራ፣ ሾላው ሥር ቆሙ። ኦቦ ኢተፋ እዚያ ቆመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የመጡበትን ለቅሶ አለቀሱ። ረምዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

በዚህ መሐል ውጭ የጭነት መኪና ቆመ። ኡበይድ የመጀመሪያውን ጆንያ ሽንኩርት ራሱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። እግሩ ጠርዙ ላይ ደርሶ ሊያወርደው ሲል ኦቦ ኢተፋ እንባቸውን ሳይጠርጉ እጃቸውን አነሱ።

«ኡበይድ! ጤፉ ላይ እንዳታወርደው።»

ኡበይድ ቀና አለ። ጆንያው ትከሻው ላይ እንዳለ ቁልቁለቱን አየ፣ ምንጩን አየ፣ ባዶ እግራቸውን የቆሙትን ሁለት ሰዎች አየ። እሱ ቡራዩ ሲመጣ ያ ማሳ ገና ማሳ ነበር፤ የመጀመሪያውን ጤፍ የገዛው ከእሱ ላይ ነው። አንድ እግሩን ከሸራው ላይ በቀስታ አነሳ፤ ድንበሩን ሳይረግጥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ፣ ከነጆንያው ወጣ። «በረንዳ ላይ አራግፉት!» ሲል ተሰማ።

በሩ ክፍት ቀርቶ ነበር። ገለቴ እዚያ ቆመው ያያሉ። «የእኔም ልጅ የሚጫወትበት መስክ ነበረው፤» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ሲፈታ እዚያ ላቆመው እፈልጋለሁ። ትስይልኛለሽ?»

ሸራው አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱን መሬት ሌላው ላይ ነው የምትስለው። ከሰበታ የሽምብራ ማሳ የነበራቸው መጡ። ከሱሉልታ የመጣው ሰው የመስኩን ቀለም እንዳትስት አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይዞላት መጣ። የዘገዩት ሙሽሮችም መጡ፤ አያቶቻቸው ካልቆማችሁ ብለዋቸው። ሸራው በቀለም ብዛት ከበደ፤ ከሁሉም ሥር ያቺው ያላየቻት ባሕር አለች።

አንዳንድ ጠዋት ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍን ኡበይድ ሻይ ይዞላት ይመጣል። በሩ ላይ ግን ይቆማል። ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ እያለ፣

«ዛሬ የማን መሬት ነው?» ይላታል።